የጾመው ባለሰይፍ

የብርጓል ደርቤ በደብረ ማርቆስ የሙሽራ ልብስ በመስፋት የታወቀች ነበረች። ስምንት ዓመት ሙሉ የሰው ወገብ ስትለካ፣ ለሰው ቀሚስ ጥለት ስትመርጥ ኖራ፣ በሃያ ስድስት ዓመቷ የራሷ ተራ ደረሰ። ሉማሜ ላይ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት ሻይ ቤት ያለው፣ አስማማው የሚባል ሳቂታ ሰው ሽማግሌ ላከባት። አባቷ አቶ ደርቤ «እሷ ካለች እኔ ምን እላለሁ» ብለው ፈቀዱ። እሷም ወደደችው። የቀረው ቀን መቁረጥ ብቻ ነበር።

ቀኑ ግን አልቆረጥ አለ። መጀመሪያ «መስቀል ይለፍ» አለች። ከዚያ «የገና ጾም ይፈታ» አለች። ጥር መጣ፤ ጥርም ሄደ። የአስማማው ሽማግሌ መምሬ አካለ ወልድ ከሉማሜ ደብረ ማርቆስ ሲመላለሱ ጫማቸው አለቀ። በ2009 ዓ.ም. ሁዳዴ ሲያዝ ቁርጡን ነገሯት።

«ልጄ፣ በጾሙ በአራተኛው ቅዳሜ እመጣለሁ። ያን ቀን ወይ ቀን ትነግሪኛለሽ፣ ወይ ‹አልፈልግም› ትዪኛለሽ። ሽማግሌ ተብዬ ስላክ ጸጉሬ ጥቁር ነበር።»

የብርጓል ሳቀችና ወደ ስፌቷ ተመለሰች። ምክንያቷን ለማንም አልተነፈሰችም። ምክንያቷ አባቷ ነበሩ።

አቶ ደርቤ በጉልበታቸው ዘመን ምግብ አብሳይ ነበሩ። ደጀን አጠገብ መንገድ ይሠሩ ለነበሩ ጃፓኖች ሰባት ዓመት ድስት ጥደዋል። ሰኞ ይሄዳሉ፣ ቅዳሜ ይመለሳሉ። ቅዳሜ ማታ ደግሞ ደጅ ቁጭ ብለው፣ ከውስጥ የሚንተከተከውን ሽሮ ከሽታው ብቻ «ጨው አንሶታል» ይሉ ነበር፤ ቢቀመስ እውነት ጨው አንሶት ይገኛል። ሚስታቸው ከሞተች ሁለት ዓመት ሆኗል። ከዚያ ወዲህ ወጥ ቤት እግራቸው አልገባም። ከበሩ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጠው አጥሩን ያያሉ። ሲያቀርቡላቸው ይበላሉ፤ ካላቀረቡላቸው አይጠይቁም። አንድ ጊዜ የብርጓል አማኑኤል ከተማ ወንድሟ ዘንድ ሁለት ቀን አድራ ስትመለስ፣ በሰሃን ከድና የሄደችው ምግብ እንደተከደነ ሻግቶ ጠበቃት።

«አባዬ፣ ምነው አልበሉም?»

«ረሳሁት» አሉ።

ያቺ ቃል ከልቧ አልወጣችም። እኔ ሉማሜ ብሄድ ይኽ ሰው መብላት ረስቶ ይሞትብኛል ብላ ፈራች። ወንድሟ አለበል «አማኑኤል ልውሰድዎ» ቢላቸው «የልጅ ተጧሪ አልሆንም» አሉ። እንዲህ ሆኖ አራተኛው ቅዳሜ ደረሰ።

በዚያ ቅዳሜ ጠዋት አለበል መጣ። ከእህቱ በሁለት ዓመት ያንሳል፤ አማኑኤል ላይ ቴሌቪዥንና ሞባይል ይጠግናል። በብብቱ ከባድ ነገር በጨርቅ ጠቅልሎ ይዟል።

«እታለም፣ ከአልጋው ሥር ያለውን ካርቶን አውጪልኝ። የጃፓኑን።»

«ዛሬ መምሬ ይመጣሉ እኮ!»

«መምሬ ከሰዓት ነው የሚመጡ። አውጪው፤ ትራንስፎርመር አግኝቼለታለሁ።»

የብርጓል እጇ ላይ የነበረውን መርፌ ትራሱ ላይ ሰካችው። ካርቶኑን ካየችው ዐሥራ ሁለት ዓመት ሆኗታል።

በ1997 ሚስተር ሳቶ የሚባሉ መሐንዲስ ወደ አገራቸው ሲመለሱ፣ ልጃቸው ይጫወትበት የነበረውን የጌም ማሽን «ለልጆችህ» ብለው ለአቶ ደርቤ ሰጧቸው። ከማሽኑ ጋር አንድ ሲዲ ብቻ ነበር። በሲዲው ውስጥ ቀይ ካባ የለበሰ ባለሰይፍ ጎረምሳ፣ በበትር ቁስል የምታድን ልጅ፣ ተራራ፣ መንደርና መጨረሻ የሌለው መንገድ ነበረ። ሰዎቹ ይነጋገራሉ፤ ንግግራቸው ከታች በጃፓን ፊደል ይጻፋል። የዐሥራ አራት ዓመቷ የብርጓልና የዐሥራ ሁለት ዓመቱ አለበል ከዚያ ፊደል አንዷን እንኳ አያውቁም። ስለዚህ ታሪኩን ራሳቸው ሠሩት። ባለሰይፉ የተሰደደ የባላባት ልጅ ነው አሉ። ልጅቷ እህቱ ነች አሉ። ከወንዙ ማዶ ርስታቸው አለ፤ ድልድዩን የዘጋው የድንጋይ ግዙፍ ደግሞ ርስቱን የቀማቸው ሰውዬ ነው ብለው ፈረዱ።

ችግሩ ማሽኑ ቤት የገባው በሁዳዴ መሆኑ ነበር። ባለሰይፉ ሲደክም ከከረጢቱ አውጥቶ የሚበላው ነገር አለ፤ ቡናማ፣ ረዘም ያለ፣ ጭስ የሚወጣው። ሲበላው ኃይሉ ይሞላል። አለበል አንድ ቀን አበላው። የብርጓል ጮኸች።

«ሥጋ አበላኸው! በጾም!»

«እሱ መች ይጾማል?»

ክርክሩ አላልቅ ሲል ቅዳሜን ጠብቀው ለአባታቸው አቀረቡት። አቶ ደርቤ ደክሟቸው እግራቸውን እየታጠቡ ነበር።

«ሰውዬው ክርስቲያን ነው?» ብለው ጠየቁ።

«የሰይፉ እጀታ መስቀል ይመስላል።»

«እንግዲያው ይጹም። በዚህ ቤት በሁዳዴ ሥጋ አይበላም፤ በቴሌቪዥንም ቢሆን።»

ፍርዱ ተፈጸመ። ባለሰይፉ ጾመ። በባዶ ሆዱ ከድንጋዩ ግዙፍ ጋር እየገጠመ ከሠላሳ ጊዜ በላይ ወደቀ። ልጆቹ የፋሲካን ቀን እንደዚያ ዓመት ናፍቀው አያውቁም፤ ለራሳቸው ዶሮ ሳይሆን ለእሱ ጥብስ። በሕማማት ሐሙስ ግን የጃፓን ማሽን የሚፈልገውን አነስተኛ ኃይል የሚሰጠው ትራንስፎርመር ተቃጠለ። በደብረ ማርቆስ ሱቆች ሁሉ ቢዞሩ ምትክ ጠፋ። ማሽኑ ካርቶን ገባ፤ ባለሰይፉም ሳይፈስክ ቀረ።

አሁን አለበል ገመዱን ሰካ። ቴሌቪዥኑ አንድ ጊዜ ብልጭ አለና ዜማው ጀመረ። የብርጓል አፏን በእጇ ያዘች። ይኽን ዜማ በስፌት መኪናዋ ላይ ሆና ዓመቱን ሙሉ ታንጎራጉረዋለች፤ ከየት እንዳመጣችው ግን አታውቅም ነበር። መዝሙር ይመስላት ነበር።

«ሚሞሪዋ አልጠፋችም!» አለ አለበል። «እዪ፣ ያኔ ያቆምንበት ቦታ!»

ባለሰይፉ ድልድዩ አፋፍ ላይ ቆሟል። ካባው ያኔ እንደ እሳት ይነድ ነበር፤ አሁን ሲያዩት ጥቂት ቀያይ አራት ማዕዘኖች ናቸው።

«ይኼ ነው ድልድዩ?» አለች። «የዓባይን ድልድይ ያህል ይመስለኝ ነበር እኮ።»

«አንቺም ያኔ ረጅም ትመስዪኝ ነበር።»

«ዝም ብለህ ተጫወት!»

ገጠሙ። ግዙፉ በሦስት ምት ባለሰይፉን ዘረረው። ደገሙት፤ ዘረረው። አለበል ከረጢቱን ከፈተ። ዐሥራ ሁለት ጥብስ እንደተቀመጠ አለ።

«ላብላው?» አለ በጎን እያያት።

«ጾም ነው።»

«እታለም! ሃያ አራት ዓመቴ ነው፤ ሱቅ አለኝ፤ ግብር እከፍላለሁ!»

«ብትከፍልስ? ግብር የከፈለ ይገድፋል? አባዬ፣ እስቲ ይፍረዱን፤ ይኼ ልጅ በሁዳዴ ሥጋ ካላበላሁ ይላል!»

ይኽን ያለችው ለወጉ ነበር፤ መልስ አልጠበቀችም። አቶ ደርቤ ግን ከዱካቸው ዘወር አሉ። ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው በበሩ በኩል ቴሌቪዥኑን አዩ።

«የቱን ነው ሥጋ የምትሉት?»

«ይኼን ቡናማውን፤ ጭስ ያለውን።»

አቶ ደርቤ ተነሡ። በዝግታ ገብተው ከስክሪኑ አንድ ክንድ ራቅ ብለው ቆሙ።

«ይኼማ ስኳር ድንች ነው።»

«ምን?»

«ስኳር ድንች! ከነልጣጩ ፍም ውስጥ ይቀበራል። ሚስተር ሳቶ በብርድ ጊዜ ከዚህ ሌላ አይበላም ነበር። ስንቱን በዚህ እጄ ቀብሬለታለሁ!»

 አለበል ጆይስቲኩን መሬት አስቀመጠ።

«አባዬ፣ ‹ይጹም› ያሉት እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«እኔ? መቼ?»

«በዘጠና ሰባት! ሠላሳ ጊዜ ሞተ እኮ!»

«እናንተ ሥጋ ነው አላችሁኝ። እኔም ሥጋ አይበላም አልኩ። ምን አጠፋሁ?»

«አላዩትማ!»

«ዳኛ የቀረበለትን ነው የሚፈርድ» አሉ አቶ ደርቤ፤ ነገር ግን ከንፈራቸው ጥግ ላይ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። የብርጓል አልጋው ላይ ተደፍታ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ቀና ስትል አባቷም ትከሻቸው ይርገፈገፋል።

ባለሰይፉ ስኳር ድንቹን በላ። አቶ ደርቤ አልወጡም። ዱካቸውን አስመጥተው ተቀመጡና በጣታቸው ስክሪኑን ማመልከት ጀመሩ።

«ያ ምንድን ነው? ድስት አይደለም?»

«ድስት ነው፤ ግን ፊደሉን ስለማናውቅ ነክተነው አናውቅም።»

«ይኼ ጨው ነው» አሉ አንዱን ፊደል እያሳዩ። «ያኛው ሩዝ። ይኼ ስኳር።»

«አባዬ! የጃፓን ፊደል ያነባሉ?»

«ምን አነባለሁ! ጆንያው ላይ የተጻፈውን ነው። መጀመሪያ ጊዜ ለሃያ መሐንዲስ ሩዝ በስኳር ቀቅዬ አቀረብኩ። አንድም ሰው ሳይናገር በልቶ ጨረሰው። ከኀፍረት የተነሣ በማግሥቱ ምልክቶቹን በከሰል ግድግዳ ላይ ጻፍኳቸው።»

ሩዝ ከጨው ጋር ድስት ገባ። ባቄላም ተጨመረ። ድስቱ ሲፈላ ባለሰይፉ ጡንቻው አበጠ፤ የልጅቱም በትር አበራ። አቶ ደርቤ «እየው! ባዶ ሆድ ድንጋይ ይገፋል እንዴ?» አሉና ጆይስቲኩን ከልጃቸው እጅ ወሰዱት። ባለሰይፉ ጀርባውን አዙሮ ወደ መንደር ሄደ።

«ወዴት ነው የሚሄድ ይኼ?»

«እርስዎ ነዎት የላኩት! በግራ፣ በግራ!»

ከብዙ ጩኸት በኋላ ግዙፉ ተንዶ ወንዝ ገባ። ሦስቱም አጨበጨቡ። ከድልድዩ ማዶ ግን ርስት የለም፤ ሌላ መንደርና ሌላ መንገድ ብቻ።

«ይኸው ነው?» አለ አለበል ቅር ብሎት።

«ያቺ ቤት ትጨሳለች» አሉ አቶ ደርቤ። «ስለዚህ ድስት ተጥዷል። ግባ።» ከዚያ ሆዳቸውን ዳሰስ አድርገው ወደ ሴት ልጃቸው ዞሩ። «ድንች አለ?»

የብርጓል ቀጥ ብላ ቆመች። በሁለት ዓመት ውስጥ አባቷ ምግብ ሲጠይቁ የመጀመሪያቸው ነው። አለ አለቻቸው። ልታመጣ ስትል ቀድመዋት ወጥ ቤት ገቡ። ፍሙን በእንጨት ገለጡት፤ ድንቹን አንድ በአንድ ቀበሩት፤ አመዱን መለሱበት። እጃቸው አልረሳም። ዘወር ብለው መደርደሪያውን አዩና ተቆጡ።

«ጨውን ከምድጃው አርቆ ማን አስቀመጠው? አብሳይ ለጨው ይሮጣል?»

መቆጣታቸው እንደ ምርቃት ጣማት። ከበሩ ተደግፋ ጥቂት ካየቻቸው በኋላ የከረመውን አወጣችው።

«አባዬ፣ እኔ ብሄድ እንዲህ ያበስላሉ?»

አቶ ደርቤ ከፍሙ ቀና አሉ። 

«ሰውዬውን ስትጎትቺው የከረምሽ ለዚህ ነው?»

የብርጓል ጨውን ከመደርደሪያው አውርዳ ምድጃው አጠገብ አስቀመጠችላቸው።

«አላበስልም» አሉ። «ልዋሽሽ አልችልም። ለአንድ ሰው ማብሰል አላውቅበትም፤ እድሜ ልኬን ለአርባ ሰው ነው የጣድኩ። እናትሽ እያለች ለሁለት ሦስት ሰው ስታበስል እንኳ አያታለሁ፤ እገረማለሁ። ለብቻዬ ድስት ስጥድ ድስቱ የሚስቅብኝ ይመስለኛል።»

ይኽ የብርጓል የፈራችው መልስ ነበር፤ ግን እንዲህ ሲነገር ሰምታው አታውቅም። መብላት የረሱ መስሏት ነበር እንጂ የሚያበስሉለት ሰው ማጣታቸውን አላሰበችም። ልትናገር አፏን ስትከፍት ከደጅ «ቤቶች!» የሚል ድምፅ መጣ። መምሬ አካለ ወልድ ነበሩ።

ገብተው፣ መስቀል አሳልመው፣ ተቀምጠው ትኩስ ድንች በጨውና በበርበሬ ቀረበላቸው። አንዱን ልጠው ቀመሱ። ሁለተኛውን አንሥተው «ማን ነው የጠበሰው?» አሉ።

«እኔ ነኝ» አሉ አቶ ደርቤ። «መምሬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ይኼ አስማማው ሻይ ቤት አለው አሉ። ሻይ ብቻ ነው?»

«ሻይና ዳቦ።»

«አውቶቡስ በምሳ ሰዓት ይቆማል?»

«ስንቱ! ሁለት ሦስት ይቆማል። መንገደኛው ምሳ እየጠየቀ ‹የለም› ሲባል ይሄዳል። አስማማው አብሳይ አጣሁ እያለ ሁልጊዜ ያማርራል።»

«ወጥ ቤቱ ጭስ ማውጫ አለው?»

«ምን?»

«ጭስ ማውጫ። ከሌለው ይሠራ። ሰኞ እሄዳለሁ፣ ቅዳሜ እመለሳለሁ፤ እንደ ደጀኑ ነው። ደመወዜን ከፍሎኝ ነው ደግሞ፤ ተጧሪ አይደለሁም።»

መምሬ አካለ ወልድ ድንቹን እንደያዙ አባትና ልጅን አፈራርቀው አዩ። «አይ ጊዜ! ሙሽራ ልጠይቅ መጥቼ ወጥ ቤት ቀጥሬ ልመለስ?»

«ሙሽራዋም አለች» አለች የብርጓል። ፊቷ እንደ ፍሙ ቀልቷል። «ለዳግማይ ትንሣኤ ይሁን፤ እሑድ።»

መምሬ መሐረባቸውን አውጥተው ግንባራቸውን ጠረጉ፤ ወዲያውም ሐሳቧን ሳትለውጥ ለመሄድ ተነሡ። አለበል ሁለት ትኩስ ድንች በወረቀት ጠቅልሎላቸው እስከ አውቶቡሱ ሸኛቸው።

የብርጓል ስፌት ክፍሏ ገባች። አምስት ሳምንት ነው የቀራት፤ የገዛ ልብሷ ግን ገና ጨርቁም አልተመረጠ። ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ በራሷ ወገብ ዙሪያ አደረገችው፤ ቁጥሩን ልታይ ስታጎነብስ ሜትሩ ይንሸራተትባታል። ሦስተኛ ጊዜ ስትሞክር አባቷ የጌሙ ዜማ ከሚሰማበት ከወዲያኛው ክፍል ተጣሩ።

«የብርጓል! ነይ ቶሎ፤ እዚህ መንደር አንዲት አሮጊት ድስቷን አሳየችኝና ሽንኩርት አምጣ መሰለኝ የምትለኝ! ከየት ነው የሚገዛ?»