ልጄ የመራው የአዲስ አበባ ጉዞ

ትምህርት ቤት በተዘጋ ማግስት፣ ምሳ ላይ ሁላችንም እንደተቀመጥን፣ «ዘንድሮ ክረምቱን አዲስ አበባ እንሄዳለን» አልኳቸው። ላማክራቸው አልፈለግሁም። ለዓመታት «ለከርሞ» ስል ከርሜ፣ የሰኔን ፈተና እያረምኩ ሳለ በልቤ ቆርጬ ጨርሻለሁ።

ሴቷ ልጄ ዐሥራ ስድስት፣ ወንዱ ዐሥራ አራት ዓመታቸው ነው። ተወልደው ያደጉት መቀሌ ነው። እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፤ ለማስተማር መጥቼ፣ ዓይደር ሰፈር አንድ መድኃኒት ቤት የሚሠራ የመቀሌ ሰው አግብቼ እዚሁ ቀረሁ። የማስተምረው አማርኛ ነው። ታናሽ ወንድሜ አዲስ አበባ ይኖራል፤ የልጆቼ እኩዮች የሆኑ ሁለት ወንዶች ልጆች አሉት። ስልክ ተቋርጦ፣ መንገድ ተዘግቶ በነበረባቸው ዓመታት ልጆቻችን ሳይተያዩ አደጉ። ስልኩ ከተመለሰም በኋላ የሚያወሩት ነገር አጡ። የእህትና የወንድም ልጆች በቪዲዮ እንደ እንግዳ ሲተያዩ ማየት ነው ቁርጥ ያስደረገኝ።

ልጄ ማንኪያዋን አስቀምጣ፣ «አሸንዳስ?» አለች።

አሸንዳ በነሐሴ አጋማሽ የሚውል የልጃገረዶች በዓል ነው። የሰፈሩ ሴቶች ልጆች ለብሰው፣ ሹሩባ ተሠርተው፣ ቤት ለቤት እየዞሩ የሚጨፍሩበትን ቀን ለአጎት ቤት አትለውጠውም።

«ከአሸንዳ በፊት እንመለሳለን።»

«ስንት ቀን በፊት? ልምምድ አለን። ከበሮ የምመታው እኔ ነኝ እኮ፣ ማማ።»

«ሦስት ቀን።»

«ሳምንት።»

«አምስት ቀን፣ በቃ።»

ተነሥታ ግድግዳው ላይ ካለው የቀን መቁጠሪያ የምንመለስበትን ቀን በቀይ እስክሪብቶ ከበበችው። ያን ዕለት ማታ እራት ሳይቀርብ ለዐሥር ቀን ቆይታ የሚሆን ዕቅድ አውጥታ ነበር፤ ሙዚየም፣ አሮጌ መጻሕፍት የሚሸጥበት ቦታ፣ እንጦጦ፣ ዝናብ ከሆነ የት፣ ፀሐይ ከወጣ የት።

ወንድሟ ግን ከሳህኑ ቀና ሳይል በትግርኛ «ኣይከድን» አለ። አልሄድም ማለቱ ነው። ለምን ሲባል ትከሻውን ነቀነቀ። ባለቤቴ ፈቃድ ስላላገኘ የሚቀር ነበርና፣ «ተይው፣ ከእኔ ጋር ይቆያል» አለኝ።

«ልጆቼን ለያይቼ አልሄድም» አልኩት። «መቅረት ደግሞ የለም።»

ኳስ ጨዋታው እንዳይቀርበት ይሆናል ብዬ ገመትኩ። ከዚያ መንገዱን ፈርቶ ይሆናል ብዬ ሰጋሁ። በሦስተኛው ቀን ለአዲስ አበባ ዝናብ የሚሆን ጫማ ልግዛለት ብዬ ወደ ሮማናት አደባባይ ይዤው ወጣሁ። ጫማውን ያለ ክርክር ለካ፤ ልክ ነው አለ፤ ገዛን። ጭማቂ ቤት ገብተን ፊት ለፊት ስንቀመጥ፣ እኔ በአማርኛ እያወራሁት እሱ በትግርኛ እንደሚመልስልኝ ያን ጊዜ ልብ አልኩ። ከፋሲካ ወዲህ አንድ የአማርኛ ቃል ከአፉ ወጥቶ እንደሆነ ላስታውስ ሞከርኩ። አልነበረም።

«ምን ሆነህብኝ ነው?» አልኩት።

 ማንኪያውን አቮካዶው ውስጥ እያዞረ፣ በትግርኛ፣ ነገረኝ። «ፋሲካ ዕለት በቪዲዮ ስንደውል የአጎቴን ሚስት ‹ደህና ነህ?› አልኳት። ልጆቹ ሳቁ።»

«ልጆች አይደሉ? ይስቃሉ።»

«‹እንኳን ለበዓሉ አደረሳችሁ› ስልም ሳቁ። ‹በዓል› የሚለው ከጉሮሮዬ ስለሚወጣ ደግመህ በል አሉኝ። ደገምኩላቸው። እንደገና ሳቁ።»

«ለዚህ ብለህ ነው የምትቀረው?»

ቀና ብሎ አየኝ። «አንቺም ሳቅሽ።»

ልክድ አፌን ከፈትኩ፤ ግን ትዝ አለኝ። ስቄአለሁ። ስልኩንም ከእጁ ወስጄ፣ «‹ደህና ነሽ› ነው የሚባለው፣ አንተ!» ብዬ በአጎቱ ልጆች ፊት አርሜዋለሁ። ሃያ ዓመት ያህል ሳስተምር ክፍሌ ውስጥ በልጅ አነጋገር ማንም እንዲስቅ ፈቅጄ አላውቅም። አንድ ጊዜ ጓደኛው ላይ የሳቀ ተማሪ ውጭ አቁሜአለሁ። የእኔው ልጅ ግን ከትምህርት ቤት ተቆራርጦ ባደገበት ዘመን፣ ከእኔ በቀር አማርኛ የሚያወራው ሰው ባልነበረበት ጊዜ የያዘውን ያህል ቢናገር፣ አብሬ ሳቅኩበት።

«አጥፍቻለሁ» ለማለት የጭማቂው ብርጭቆ ባዶ እስኪሆን ፈጀብኝ። አልኩት ግን።  ወደ ቤት ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ የጫማውን ካርቶን ጭኑ ላይ አድርጎ በመስኮት ያይ ነበር።

ቤት እንደገባሁ ጓዳ ገብቼ ወንድሜ ዘንድ ደወልኩ። «ልጆችህ በልጄ አነጋገር የሚስቁ ከሆነ በዚያው ቀን ሻንጣዬን አንሥቼ እመለሳለሁ» አልኩት፣ ሰላምታውንም ሳልጨርስ።

 ወንድሜ ግን፣ «እታለም፣ እኔኮ ልጁ የጠላን መስሎኝ ነበር» አለኝ። «በደወልኩ ቁጥር ከክፍሉ አይወጣም ትይኛለሽ። ሚስቴም ምን በድለነው ይሆን ስትል ነው የከረመችው።» ከልጆቹ ጋር እንደሚነጋገር ቃል ገባልኝ። ምን እንዳላቸው አላውቅም። በማግስቱ ትልቁ የወንድሜ ልጅ ለልጄ መልእክት ላከለት። ልጄ አንብቦ ስልኩን ኪሱ ከተተ፤ እኔም ምን አለህ ብዬ አልጠየቅሁትም።

ከሁለት ቀን በኋላ ወጥ ቤት መጥቶ በር ላይ ቆመ። «እሄዳለሁ» አለ፣ በአማርኛ። «ግን አጎቴ መናኸሪያ አይቀበለን። ከአውቶቡስ ስንወርድ የማደርሳችሁ እኔ ነኝ። እኔ ስናገር ደግሞ ጣልቃ አትግቢ። ብሳሳትም አትግቢ።»

«ብንጠፋስ?»

«እንጠፋለና።»

ባለቤቴ ሲሰማ ራሱን ያዘ። ያን የሚያህል ከተማ ውስጥ፣ በዝናብ፣ ሻንጣ ይዞ! እኔ ግን እሺ አልኩ። ልጄ ለአጎቱ ራሱ ደውሎ መንገዱን ጠየቀው፤ በአማርኛ እየጠየቀ በትግርኛ ጻፈው። ከላምበረት መናኸሪያ መገናኛ በታክሲ፣ ከመገናኛ ጦር ኃይሎች በባቡር፣ ከዚያ በታክሲ እነሱ ሰፈር ዓለም ባንክ። ባቡሩ ላይ ሁለት ጊዜ አሰመረበት።

ሁሉም ነገር ተዘጋጅቶ ሳለ አውቶቡሶቹ ለጊዜው አይወጡም ተባለ። መንገዱ ላይ ምን እንደተፈጠረ ማንም አጥርቶ የሚናገር አልነበረም። «ለከርሞ ይሁን» አለ ባለቤቴ። ያቺን ቃል ጠልቻታለሁ። በየማለዳው ከልጄ ጋር ወደ መናኸሪያ እየወረድን እንጠይቅ ነበር። «ነገ» ይሉናል። ስድስት ማለዳ ተመላለስን። ዐሥሩ ቀን አራት ቀረ። ሴቷ ልጄ ዕቅዷን ዘርግታ እየሰረዘች፣ «አሸንዳ ቢቀርብኝስ?» ስትለኝ ዓይኗን ሳየው ከልቧ እንዳልሆነ ገባኝ። «አምስት ቀን በፊት ብያለሁ፣ አምስት ቀን በፊት ነው» አልኳት። እንጦጦን ሰረዘች። በሰባተኛው ማለዳ ተሳፈርን።

ደሴ አድረን በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ላምበረት ስንደርስ ዝናቡ ይወርዳል። ልጄ ትልቁን ሻንጣ ያዘና ፊት ፊት ሄደ። መገናኛ ለመድረስ ምንም አልተቸገረም። ባቡሩ ውስጥ ሰው ከሰው ተጣብቆ ነበር፤ ልጄ ግን አንገቱን አስግጎ በመስኮት የሚያልፈውን ሁሉ አየ። ጦር ኃይሎች ወርደን ታክሲ ሰልፍ ያዝን። ከፊታችን የቆሙት ሰዎች ወደ ሌላ ሰፈር እንደሚሄዱ ከወሬያቸው ገብቶኛል። ሰልፉ የእኛ አልነበረም። ጥርሴን ነክሼ ዝም አልኩ። ሴቷ ልጄ ክንዴን ቆንጥጣ ይዛኝ ነበር። ግማሽ ሰዓት ያህል ዝናብ ጠጥተን ነው ልጄ ዞር ብሎ ጥላ የያዙ ሴትዮ የጠየቀው።

«እናቴ፣ የዓለም ባንክ ታክሲ የት ነው?»

«ምን አልክ?»

«ዓለም ባንክ!» አለ፣ ጮክ ብሎ፣ ከጉሮሮው።

«እ፣ ዓለም ባንክ! በዚያ ማዶ ነው። ከየት ነው የመጣኸው ልጄ?»

«ከመቀሌ።»

«ብቻህን?»

«እናቴንና እህቴን ይዤ።»

ሴትዮዋ እኔን አዩኝ፤ ፈገግ አልኩላቸው፤ አልተናገርኩም።

ዓለም ባንክ ስንወርድ ወንድሜ አስፋልቱ ዳር ቆሞ ነበር፣ ያለ ጥላ፣ ጃኬቱ ውኃ ጠጥቶ። መናኸሪያ አትምጣ ስለተባለ እዚያ ቆሞ ጠበቀን። አቅፎን ሲያበቃ ሻንጣውን ሊቀበለው እጁን ዘረጋ። ልጄ አልሰጠውም።

«እስከ በር እኔ ነኝ» አለው።

አራት ቀን ቆየን። ልጆቹ በመጀመሪያው ቀን ተፈራሩ፣ በሁለተኛው በስልክ ቻርጀር ተጣሉ። በሦስተኛው ቀን ልጄና ትልቁ የአጎቱ ልጅ ዳቦ ገዝተን እንመጣለን ብለው ወጥተው ሁለት ሰዓት ቆዩ። ሲመለሱ ሁለቱም ጸጉራቸውን አንድ ዓይነት ተቆርጠዋል፤ ጎኑ ተላጭቶ መሐሉ እንደ ዶሮ ጉትያ የቆመ፣ እኔ ተማሪዎቼ ላይ ሳየው የማልወደው። ላለማረም የገባሁት ቃል ጸጉርንም ይጨምር እንደሆነ አሰብኩ። ዳቦውን ተቀብያቸው ወደ ወጥ ቤት ገባሁ።