ገመድ ላይ የተሰጣው ጓንት

ፀጉር ቤት ውስጥ ቀለም የምትቀባዋን ሴት ሁሉም «ዶክተሯ» እያሉ ይቀልዱባታል። ሐኪሞች አንዴ አጥልቀው የሚጥሉትን ሰማያዊ የናይትሪል ጓንት ካላጠለቀች የማንንም ፀጉር አትነካማ! ይሳቁ፣ ጉዳይዋም አይደለም። ድሮ በባዶ እጇ ስትቀባ መዳፏ ተሰነጣጥቆ ሎሚ መጭመቅ እንኳን አቅቷት ነበር። ነጩን የላቴክስ ጓንት ብትሞክር እስከ ክርኗ አሳከካት። ሰማያዊው ግን ተስማማት፤ ያውም ትንሹ ቁጥር፣ ጣቷ ላይ ልክክ የሚለው። ከዚያ ወዲህ የመጣው ቢመጣ ፍንክች አትልም።

አንድ ቀን ጠዋት ስትገባ የትናንት ጓንቶቿ ታጥበው ጓሮ ካለው ገመድ ላይ ከፎጣዎቹ ጋር ተሰጥተዋል። ያጠቧቸው የፀጉር ቤቱ ባለቤት እትዬ ናቸው።

«ገና አዲስ እኮ ናቸው፤ ለምን ይጣላሉ?» አሉ እትዬ።

ደሟ ፈላ። አንዱን ከገመዱ መንጭቃ የቧንቧ ውሃ ሞላችው። ከአውራ ጣቱ ጫፍ ውሃው እንደ ክር ቀጥኖ ፈሰሰ።

«ቀለሙም በዚሁ ነው የሚገባው፣ እትዬ።»

መቀሷን አንስታ የቀሩትን አንድ በአንድ ጣት ጣታቸውን ቆረጠችና ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ጨመረቻቸው።

«ኧረ አንቺስ አበዛሽው!» ጮኹ እትዬ። «እኛ ዕድሜ ልካችንን በባዶ እጃችን ስንሠራ ምን ሆንን?»

ዶክተሯ የእትዬን እጅ ያዝ አድርጋ መዳፉን ወደ ላይ ገለበጠችው። ቀለም የጠጣ፣ እንደ ደረቀ ጭቃ የተሰነጣጠቀ መዳፍ ነው።

«ይኸው፣ እንዲህ ሆናችሁ።»