«ቤቶች!» ይሉ የነበሩት ጋሼ

ጋሼ፣ አጎቴ፣ እርስዎ ሰው የማይኖርበት ቤት እንኳ ሳይጣሩ አይገቡም ነበር።

ከምኒልክ አደባባይ ዝቅ ብሎ ያለውን፣ የእንጨት ሰገነት ያለውን አሮጌ ቤት ከመፍረስ ለማትረፍ ከውጭ አገር ባለሙያዎች ጋር ስንት ዓመት ደከሙ። ታዲያ ጠዋት ጠዋት ደጁ ላይ ይቆሙና በከዘራዎ የበሩን ደፍ ቋ ቋ አድርገው «ቤቶች!» ይላሉ። የፎቁ ወለል ሲጢጥ ሲል «በሉ፣ ፈቅደውልናል» ብለው ይገባሉ። እኔ እስቅብዎ ነበር። ከጃፓን የመጣችው አናጺ ግን አንድም ቀን አልሳቀችም፤ እንዲያውም ቃሉን ከእርስዎ ተማረች።

ከቀብርዎ በኋላ ሥራው እንዳይቋረጥ ብዬ ቁልፉን ይዤ ከእሷ ጋር ሄድን። በሩን ከፍቼ ልገባ ስል ክንዴን ያዘችኝ።

«አልተጣራህም» አለችኝ በተሰባበረ አማርኛዋ።

«ማን አለና ነው የምጣራው?»

«ጋሼ ሁልጊዜ ይጣራል።»

እያፈርኩ «ቤቶች!» አልኩ። ድምፄ ባዶው ቤት ውስጥ ዞሮ ዞሮ ጠፋ። ትንሽ ቆይቶ ወለሉ እንደ ልማዱ ሲጢጥ አለ። ቀጥሎ ግን ከዚያ ፎቅ ሰምቼው የማላውቀው ድምፅ መጣ። ቋ፣ ቋ እያለ፣ ሳይቸኩል፣ ወደ ደረጃው ቀረበ።

እሷ ባርኔጣዋን አወለቀች። «ፈቀደ» አለችና ገባች።

እኔ ግን ደፉን መሻገር አቃተኝ፣ ጋሼ። ከዘራዎ እኮ እኛ ቤት፣ ከበሩ ጀርባ እንደተሰቀለ ነው።