ባለሳህኗ እና የጀልባው እግር

እውነተኛ ስሟን የሚያውቅ ጥቂት ሰው ነበር። በሐይቁ ዳር ያለ ጀልበኛ ሁሉ «ባለሳህኗ» ነበር የሚላት። ሳህኑን የወረሰችው ከአባቷ ነው። ነጭ፣ ሰፊ፣ ጠርዙ ላይ ቀለሙ የተላጠ ሳህን ሲሆን ምግብ ቀርቦበት አያውቅም። የሚፈስበት የጀልባ ማርሽ ዘይት ብቻ ነበር፤ ያ የተበላሸ እንቁላል የሚሸተው፣ አንዴ ልብስ ላይ ካረፈ በሳሙናም በጸሎትም የማይለቀው ዘይት።

አንዳንድ ጀልባ ሞተሩ ሆዱ ውስጥ ይቀመጥና ከኋላው ወደ ውሃ የሚወርድ እግር ይኖረዋል። ውልብልቢቱ ያለው እግሩ ጫፍ ላይ ነው። እግሩ ውስጥ የብረት ጥርሶችና ኩሽኔታዎች ዘይት ውስጥ ተነክረው ይሽከረከራሉ። ክፋቱ ግን ከውጭ ሲያዩት ምንም አለመናገሩ ነው፤ ቀለም ተቀብቶ፣ አምሮበት፣ ውስጡ ሊያልቅ ይችላል። የሚታወቀው በዘይቱ ነው። ወተት መስሎ ከወጣ ውሃ ገብቶበታል። አርሮ ከሸተተ ግሏል ማለት ነው። ከታች የሚዘጋው ቡሎን ጫፉ ማግኔት ስለሆነ፣ እሱ ላይ አመድ የመሰለ ልስልስ ነገር ብቻ ቢገኝ ደህና፤ የሥራ ወግ ነው። ስንጥር ብረት ከተገኘ ግን ያ እግር አንድ ቀን ሰው ጭኖ ሐይቁ መሃል ላይ ይቀራል።

ይህን ሁሉ ያስተማራት አባቷ ነበር። ገና ልጅ ሳለች የራሱን ቆብ ዓይኗ ላይ ጎትቶ አውርዶ «በይ እስቲ» ይላት ነበር። እሷም ዘይቱን በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መሃል እያሸች፣ ይሻክራል፣ አይሻክርም፣ ውሃ አለው፣ የለውም እያለች ትነግረዋለች። ከተሳሳተች ቆቡ እዚያው ይቆያል። ሲመሽ ቆቡን ለብሳ ቤት የገባችበት ቀን ብዙ ነበር።

አግብታም ታውቃለች። ባልየው «ካንቺ ጋር መተኛት ጋራዥ ውስጥ እንደ ማደር ነው» ብሎ ጥሏት ሄደ። «ጋራዥስ ቢሆን አንድ ነገር ይጠገንለት ነበር» አለችው አሉ፣ በሩን እየዘጋችለት።

አባትየው ሲሞት ጀልባው ለወንድሟ ደረሰ፤ ለእሷ የጥገናው ቤትና ከላዩ ያለው ክፍል። እናታቸውም ያው እዚያው ክፍል ውስጥ ቀረች፣ መስኮቷ ሐይቁን እያሳያት። ጠቡ የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። ወንድምየው ታናሽ ነው። ድሮ «እታለም» ብሎ ነበር የሚጠራት፤ ከለቅሶው ማግስት ጀምሮ ግን «አንቺ» ሆነች። እሷም ካፒቴኑ ትለው ጀመር፣ ለጀልባ ነጂ የማይባል ትልቅ ማዕረግ ሰጥታ፣ ልታቃጥለው። ማዶ ተሻግሮ ቤት ሠራ፣ ባለ ደረጃ ቤት፤ ስለ ደረጃው ሳያወራ የዋለበት ቀን የለም።

ይጠላታል እንጂ ጀልባውን ለሌላ ሰው አያስነካም። የነፋሱ ወራት ሳይገባ በየዓመቱ ይመጣል፣ ጀልባውን ጎትቶ ደረቁ ላይ ያቆማል፣ «እዪው» ይላታል፤ ሌላ ቃል የለም። እሷም ታየዋለች።

በዚያ ዓመት ግን ሲመጣ ሌላ ነገር ይዞ ነበር የመጣው።

«እማዬን ልወስዳት ነው» አለ፣ ገና ጀልባውን ሳያስር። «ነገ ዘይቱ ታይቶ እንዳበቃ እንሻገራለን። ነፋሱ ከገባ በኋላ መንገድ የለም።»

«ማን ፈቀደልህ?»

«እናቴ ናት፤ ያንቺን ፈቃድ ልለምን?»

«እናትህማ ናት፤ የዛሬ ዓመትም እናትህ ነበረች። ምነው ያኔ ትዝ አላለችህም?»

«ያኔ ቤቱ አላለቀም ነበር! እስከ መቼ ከዘይትሽ በላይ ትተኛ? ትራሷ ሳይቀር ማርሽ ማርሽ ይሸታል!»

በየብስ እንዳይወስዳት መንገዱ ሐይቁን ዞሮ የሚሄድ ረጅም ነው፣ እናትየውን ደግሞ መኪና ያስታውካታል። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ በዚያ እግር ላይ ተንጠለጠለ። እግሩ ደህና ከሆነ እናት ትሄዳለች። ካልሆነ ግን ተከፍቶ፣ ዕቃ ከሩቅ አገር መጥቶ፣ ተገጥሞ እስኪያልቅ ነፋሱ ይገባና ሐይቁ በትንንሽ ጀልባ አይሞከርም። ይህንን ሦስቱም ያውቁ ነበር።

ጀልባው ደረቁ ላይ ቆሞ አደረ። አባታቸውም እንዲህ ነበር የሚያደርገው፤ ውሃ ካለ ሌሊቱን ወደ ታች ይሰበሰብና ቡሎኑ እንደተፈታ መጀመሪያ እሱ ይወጣል። ለእራት ተቀመጡ።

«ደረጃው የሚያዝ ነገር አለው፣ ለእጅ» አለ ወንድምየው በመጨረሻ፣ ለእናቱ።

«እማዬ ጉልበቷን ያማታል። ደረጃ ሠርቶ የጉልበት ሕመምተኛ ይጋብዛል!» አለች ባለሳህኗ ለግድግዳው።

«ለማን ነው የምታወሪው?»

«ለካፒቴኑ አይደለም።»

«እማዬ የትም አትሄድም ልትይ ነው?»

«የትም አትሄድም!»

«ትሄዳለች!»

እናትየው አባታችሁም እንዲህ አላጨቃጨቀኝ ብላ ይሆናል በሆዷ። በአፏ ግን ያለችው ያንኑ የሁልጊዜዋን ነው፦ «እናንተ እንዳላችሁ።» ጨርቋን ሸክፋ በሩ ጋ አስቀምጣዋለች። ጥቅሏ ትንሽ ነበረች፣ ለዚያ ሁሉ ዕድሜ።

ጠዋት ባለሳህኗ ቱታዋን ለብሳ ወረደች። ሳህኑን እንደ ልማዷ በንጹሕ ጨርቅ ወልውላ እግሩ ሥር አደረገችው። የታችኛውን ቡሎን ፈታች። መጀመሪያ የወጣው ጠብታ ውሃ አልነበረም፤ ዘይት ነው። ማግኔቱን አየችው፣ አመድ ብቻ። ቡሎኑን ነጭ ጨርቅ ላይ አስቀምጣ፣ ዘይቱ አየር አግኝቶ እንዲወርድ የላይኛውን ፈታች። ብርድ ስለነበር እንደ ማር እየተጎተተ ይወርድ ጀመር።

እናትየው ምርኩዟን ይዛ ወርዳ ብረት ነክሶ የሚይዘው ሞርሳ አጠገብ ያለችው በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነበር። ባለሳህኗ ትናንት ሙሉ ቀን እዚያ ሞርሳ ላይ የሌላ ጀልባ የነሐስ ቀለበት ስትሞርድ ስለዋለች፣ ሥሩ በብጫ ብናኝ ተሸፍኗል፤ ጊዜ አጥታ አልጠረገችውም።

«ጓርኒሲዮን ላምጣ፣ አዲስ» አለች ባለሳህኗ። «ዶሮ እንዳትገባበት እዪልኝ።»

«ሂጂ፣ እኔ አለሁ።»

ወንድምየው ውሃው ዳር ሲጋራውን እያጨሰ ነበር። እሷ ከኋላ ክፍል ቡሎኖቹን የሚያሽጉትን ጓርኒሲዮኖች ፈላልጋ ስትመለስ ዘይቱ ወርዶ አልቋል። ሳህኑን አንስታ ወደ በሩ፣ ወደ ፀሐይዋ ወሰደችው።

ዘይቱ ውስጥ ወርቅ የተበተነበት ይመስል ነበር። በየአቅጣጫው ብልጭ ብልጭ ይላል።

ደስ አላት። ሰው የጠላው ወንድሙ እግሩ ሲሰበር እንደሚደሰተው ያለ፣ የማያምር ደስታ። እማዬ ቀረች፣ አለች በልቧ። ደረጃውን ለብቻው ይውጣው! አፏን ከፍታ ልትጮህ ሁሉ ነበር። እጇ ግን ለብዙ ዘመን የለመደውን ከማድረግ አልቦዘነም፤ ሌላ ትንሽ ማግኔት ከኪሷ አውጥታ ዘይቱ ውስጥ ቀስ ብላ ጎተተችው። ባዶውን ወጣ። ደግማ ጎተተችው። ባዶ።

ያ እግር ውስጥ ያለው ጥርስም ኩሽኔታም ብረት ነው፤ ያለቀ ብረት ደግሞ ማግኔት ላይ ይጣበቃል። ይሄ አልተጣበቀም። በጣቶቿ አሸችው። ይሻክራል። የአባቷ ቆብ ዓይኗ ላይ ያለ መሰላት።

«ምንድን ነው እሱ?» ወንድምየው ከኋላዋ ቆሟል።

እሱም የዚያው አባት ልጅ ነው፤ ሳህኑን አየ፣ ባዶውን ማግኔት አየ፣ ከዚያ ወደ ሞርሳው ሄዶ ከሥሩ ብናኙን በመዳፉ ዘግኖ ተመለሰ። ሳህኑ አጠገብ ዘረጋው። አንድ ነው።

«አንቺ!» አለ። ድምፁ መጀመሪያ ዝቅ ያለ ነበር። «አንቺ ነሽ የጨመርሽበት! ጀልባዬን ልታቆሚ፣ እናቴን ልታስቀሪ፣ በአባቴ ሳህን!»

«አልነካሁትም።»

«ታዲያ ነፋስ ነው የሞረደው? እኔ ሞኝ ዓመት ዓመት አምኜሽ እመጣለሁ! ዛሬውኑ በዳርቻው ሁሉ ነው የማወራው። ባለሳህኗ ዘይት ውስጥ ብናኝ ትበትናለች ብዬ። እስቲ ከዚህ በኋላ ጀልባውን የሚያመጣልሽ ሰው አያለሁ!»

አባባሉ የዋዛ አልነበረም። እሷ ያላት ቃሏ ነው። «ደህና ነው» ስትል ሰው ልጁን ጭኖ ይሻገራል፣ «አይሆንም» ስትል ጀልባውን ያስራል። ያቺ ቃል አንዴ ከተሰበረች ሳህኑ ለዶሮ ውሃ ማጠጫ ነው የሚሆነው። ልትምል ፈለገች። ማንስ ያምናታል? ትናንት ማታ «የትም አትሄድም» ብላ የጮኸችው እሷ ናት።

ያኔ ነው የእናቷን እጅ ያየችው። ምርኩዙ ላይ ተጣምሮ የተቀመጠው እጅ አውራ ጣቱ ብጫ ነበር። የነጠላዋም ጫፍ ብልጭ ይላል። እናትየው ሐይቁን ነው የምታየው፣ አዲስ ነገር እንዳለበት ሁሉ።

ባለሳህኗ ዓይኗን ከእናቷ እጅ አንስታ ሳህኑ ላይ ጣለች። «እሷ ናት» ብትል ስሟ ይነጻል፤ እናቷ ግን በወንድ ልጇ ፊት ትዋረዳለች። ዝም ብትል ደግሞ ሁሉንም ታጣለች፣ እናቷንም ስሟንም።

«ተናገሪ እንጂ! አፍሽን ዘይት ሞላው? ሌባ!» አለ ወንድምየው።

«ዝም በል!» እናትየው ምርኩዟን መሬት ላይ መታችው። «እሷ አይደለችም። እኔ ነኝ።»

ሁለቱም ዞሩ።

«ምን?»

«እኔ ነኝ አልኩህ። በዚህ እጄ። ምን ታፈጥብኛለህ?»

መጀመሪያ የጮኸችው እሱ ሳይሆን ባለሳህኗ ነበረች። «በእኔ ሳህን?!»

«ታዲያ በድስቴ ላድርገው?»

«እማዬ! እኔ ሥራዬ ነው ይሄ! ስሜ ነው!»

«እህ፣ ሥራሽ ስለሆነ አይደል። አንቺ አይሆንም ካልሽ እሱ ያምንሻል። የእኔን አይሆንም ማን ይሰማዋል?»

ወንድምየው መዳፉ ውስጥ ያለውን ብናኝ አልጣለውም፤ ጨብጦት ቆመ። «አልሄድም ማለት አትችይም ነበር?»

«መቼ ጠየቅኸኝና? እማዬ ሸክፊ አልከኝ፤ ሸከፍኩ።» ወደ ሴት ልጇ ዞረች። «አንቺም እንዳትስቂ። አንቺም አልጠየቅሽኝም። የትም አትሄድም አልሽ፣ እንደ ምሰሶ። ደግሞ ላንቺ ብዬ የምቀር እንዳይመስልሽ፤ አፍሽ ከእሱ አይሻልም። እኔ ከታች መዶሻ ሲመታ ካልሰማሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። ያን ያህል ዘመን የሰማሁትን ትቼ ማዶ ሄጄ ደረጃ ልቁጠር?»

መዶሻው የማን እንደነበር አልተናገረችም፤ መናገርም አላስፈለጋት።

«ዘይቱን ሙዪው» አለ ወንድምየው በመጨረሻ፣ ማንንም ሳያይ። «ልሂድ።»

እሷም ሥራዋን ሠራች። አዲሱን ዘይት ከታች እየገፋች ሞላችው፣ በላይኛው ቀዳዳ እስኪወጣ፣ አየር እንዳይቀርበት። በአዲስ ጓርኒሲዮን ሁለቱንም ቡሎን አጠበቀች። አንዴ አጥብቃ ዞር ካለች በኋላ ተመልሳ የታችኛውን ደግማ ሞከረችው። ወንድምየው ይህን አየ፣ ግን አላመሰገናትም።

«ደህና ነው?» አለ ጀልባው ውሃ ሲነካ።

«ደህና ነው።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ካላመንክ ዋኝተህ ሂድ!»

ሞተሩን አስነሣ። እናቱን ስሞ አልሄደም፣ እጁንም አላነሣም። መሃል ከደረሰ በኋላ ግን አንድ ጊዜ እጁን ከጀልባው ውጪ ሲዘረጋ ታየ። ጨብጦት የቆየውን ብናኝ መጣሉ ይሁን፣ ሰላም ማለቱ፣ ከዚያ ርቀት አይለይም። እናትየው ሰላም ማለቱ ነው አለች። ባለሳህኗ እጁን ማራገፉ ነው አለች። በዚህም ተጣሉ።

ከሰዓት በኋላ ባለሳህኗ ሳህኑን በሳሙና አጠበች፣ ደግማ አጠበች፣ ፀሐይ ላይ አዙራ አዙራ አየችው። እናትየው ጥቅሏን ፈትታ ጨርቋን አንድ በአንድ እያራገፈች ነበር።

«ሁለተኛ መዋሸት ሲያምርሽ» አለቻት ባለሳህኗ ከታች፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «ብረት አድርጊበት። ነሐስ እዚያ ውስጥ የለም።»

የእናትየው ራስ በመስኮቱ ብቅ አለ።

«ብረት ባደርግበት ኖሮ ታምኚኝ ነበር?»

ባለሳህኗ ስለ መልሱ ያን ቀን ብቻ አይደለም ያሰበችው። ማግኔቱ ላይ አንዲት ስንጥር ተጣብቃ ብታገኝ፣ ቡሎኑ ንጹሕ ሆኖ ሳህኑ መቆሸሹን ትጠይቅ ነበር ወይስ ደስታዋ ዓይኗ ላይ ቆቡን ጎትቶ ያወርደው ነበር? አታውቅም። ለብዙ ጊዜ አታውቅም ነበር።

መዶሻዋን አነሣችና የሚቀጠቀጥ ነገር ባይኖርም ሞርሳውን መታ መታ አደረገችው፤ ከላይ ያለችው እንድትሰማ።