መጨረሻው እኔ ጋ ነው

ባለፈው ቅዳሜ ሚኒባሳችን ቃሊቲ ላይ በጭነት መኪኖች መሀል ተሰንቅሮ ቆመ። ከልጄ ጋር መሀል ከተማ፣ ወደ ትልቁ ቤተ መጻሕፍት እየሄድን ነበር። እሷ ታነባለች፤ እኔ ጉንዳን እንደወረረው ሰው እቁነጠነጣለሁ። አንዲት እናት ነጭ ጋዝ የያዘ ጀሪካን አቅፈው ገቡ።

«እማማ፣ ክዳኑን ጠበቅ ያድርጉት እንጂ!» አለ ረዳቱ።

ሽታው አፍንጫዬን ይዞ ወደ ልጅነቴ ጎትቶ ሳሪስ አቦ፣ እትዬ አስካለ ኪዮስክ ደጃፍ ላይ ጣለኝ።

እትዬ አስካለ ነጭ ጋዝ ይሸጡ፣ መጽሐፍም ያከራዩ ነበር። ሁለቱ አንድ መደርደሪያ ላይ ስለሚውሉ፣ መጽሐፎቻቸው ክብሪት ቢጫርባቸው እስከ ደብረ ዘይት ያበሩ ነበር። የሰፈሩ ሰው ደግሞ የተከራየውን እንደመመለስ፣ እየገነጠለ በርበሬ ይጠቀልልበታል። እሳቸው መላ ዘየዱ፤ የየመጽሐፉን የመጨረሻ ቅጠሎች በምላጭ ቆርጠው ብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ቆለፉባቸው።

«መጨረሻው እኔ ጋ ነው» ይሉ ነበር።

መጽሐፉን የመለሰ ሰው አግዳሚው ላይ ተቀምጦ መጨረሻውን ጮክ ብሎ ያነባል። ዓይናቸው ስለደከመ እሳቸውም መስማት አለባቸዋ! ገና ያልደረሰበት ሁሉ ጆሮውን ይደፍናል። እኔም እደፍናለሁ፤ ግን በጣቶቼ መሀል ነፋስ የምታስገባ ቀዳዳ እተዋለሁ።

«አንተ ቀዥቃዣ! ጆሮህ ገርበብ ብሏል፣ ዝጋው!» ይሉኛል እትዬ አስካለ።

አንድ ጊዜ ሽፋኑ የወለቀ፣ ርእሱ የማይታወቅ መጽሐፍ ወሰድኩ። ሰውየው አገር ጥሎ ሊሄድ አንድ እግሩን ባቡሩ ላይ አሳርፏል፤ የሚወዳት ሴት ከኋላው ስሙን ትጣራለች። እዚያ ላይ ተቆርጧል። እየሮጥኩ ብመጣ ኪዮስኩ የለም። መንገዱ ሊሰፋ ነው ተብሎ ተነስቷል፤ እትዬ አስካለ ከነቆርቆሯቸው የገቡበትን የሚያውቅ ጠፋ።

ያ ባቡር እስከ ዛሬ አልተነሳም። ሰውየው አንድ እግሩ መሬት፣ አንድ እግሩ ፉርጎ ላይ እንዳለ ፀጉሩ ሸበተ። እኔም አርፌ መቀመጥ አቃተኝ። የአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴዎችን ክምር እየፈነቀልኩ ስንት ናዳ አስነሳሁ! የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ከሩቅ ሲያዩኝ ምሳ ይወጣሉ። ያረጀ ነገር እዚያ አይጠፋም ብዬ ሙዚየም ገባሁና፣ የመጣሁበትን ረስቼ አንድ የተበሳ ጋሻ ፊት ተገትሬ ዋልኩ። ከተማዬን ያወቅኳት እንዲህ ነው፣ ሁለት ሦስት ቅጠል ስፈልግ።

«አባዬ፣ ዛሬም ያንን ባቡር ልትጠይቅ ነው?» አለች ልጄ።

«ማን ያውቃል፣ ዛሬ ይነሳ ይሆናል።»

ሳቀች። እኔ ገና ግማሹ ላይ ያለሁበትን መጽሐፍ እሷ የመጨረሻው ቅጠል ላይ ደርሳለች። ቤታችን ውስጥ መጨረሻ በልብ አይነበብም፤ ያሳደግኳት እንዲያ ነው። ጉሮሮዋን ጠራረገች።

«ጆሮህን ድፈን።»

ደፈንኩ። በጣቶቼ መሀል ግን፣ እንደ ድሮዬ፣ ነፋስ የምታስገባ ቀዳዳ ተውኩ።