የላሚቱ አበባና የዓሣው አበባ

ማሂራ የተሰበረ እግሯን ዘርግታ ደጃፏ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች፤ ከንዴቷ ጋር ትግል ይዛለች። ሰቃ ከተማ አጠገብ ባለው ቡናዋ ውስጥ ደቦ ገብቷል። እግሯ መሰበሩን የሰሙ ጎረቤቶቿ ለቀማው ሳይደርስ ሊያርሙላት በጠዋት መጡ። ይህ ደግ ነገር ነው፣ አላህ ይስጣቸው። የሚያናድዳት ሰብስቤ ነው።

ሌላው ሰው አረሙን ከነሥሩ ሲነቅል፣ ሰብስቤ ከቦዩ ጥግ ያለችውን ቁራሽ ይዞ ጫፍ ጫፉን በማጭድ ይላጫል። ጥቂት ላጭቶ ወገቡን ይይዛል። ወገቡን ይዞ ደግሞ ይዘፍናል! ማሂራ በሆዷ ስንቱን አወረደችበት። በአፏ ግን ትንፍሽ አላለችም፤ የደቦ ሰው ያበሉታል፣ ያጠጡታል፣ ይመርቁታል እንጂ አያዙትም፣ ስህተቱንም አይነግሩትም። አንድ ቃል ተናግራ ሁሉም ማጭዱን ጥሎ ቢሄድ አገሬው የሚፈርደው በሷ ላይ ነው።

ከቡናው ግርጌ፣ ጥላው ሳሳ ባለበት፣ ሁለት ዓይነት ወይን ጠጅ አበባ ይበቅላል። ላላወቀ ሰው አንድ ናቸው። ማሂራም ሙሽራ ሆና በመጣችበት ዓመት አንድ መስለዋት አንዱን አጭዳ ለፍየል ሰጠች፤ ፍየሏ ስትንቀጠቀጥ ቆይታ ሞተች። አማቷ አልተቆጧትም። ከሁለቱም ቅጠል ቀጥፈው ጫፍ ጫፉን ይዛ እንድትስብ ነገሯት። የአንዱ ቅጠል እንዲሁ ተቦጨቀ። የሌላው ግን የጅማቱን መስመር ተከትሎ እንደ ጦር ጫፍ ሾሎ ተቆረጠ። ይኼኛው ተወቅጦ ወንዝ ውስጥ ሲጨመር ዓሣ የሚያሰክረው ነው፤ ፍሬውም ረጅምና ጠፍጣፋ ነው። የደጉ ፍሬ አጭርና ድብልብል ነው፣ ጥቁር ፀጉር ለብሶ ወደ ታች ይንጠለጠላል። ከዚያ ወዲህ ማሂራ አንዱን «የላሚቱ»፣ ሌላውን «የዓሣው» እያለች፣ የዓሣውን እየነቀለች የላሚቱን እያበዛች ኖረች። በበጋ ሣር ሲጠፋ ላሟ የምትታለበው በዚያ ነው፤ ማሂራም የምትኖረው በወተቱ። ዘንድሮ እሷ ስትተኛ የዓሣው አበባ ጊዜ አገኘና ተስፋፋ።

እኩለ ቀን ሲቃረብ ከደቡብ መጥታ ጎረቤቷ የሆነችው ጸጋ ላቧን እየጠረገች መጣች።

«እትዬ ማሂራ፣ ለአበባዎ አይስጉ! እንደሚወዱት ለሁሉም ነግሬያለሁ። ወይን ጠጁን አንዲት ዘለላ አልነካንም።»

ማሂራ ደነገጠች። የላሚቱ አበባውን አርግፎ ፍሬ ይዟል። በዚህ ሳምንት ያበበው የዓሣው ብቻ ነው።

«አበባ የሌለውንስ?»

«እሱንማ ከነሥሩ! ለእርስዎ ብለን ሥሩን አንድም አላስቀረንም።»

ለእርስዎ ብለን! ስንት ዓመት ያሳደገችውን በአንድ ጠዋት ነቅለው፣ መርዙን ተንከባክበው አቆዩላት፤ ይባስ ብሎ ምስጋና ይጠብቃሉ። ማሂራ አፏን ልትከፍት ስትል የደቦው አባት አባቦራ ላሚቱን በገመድ እየሳቡ ወደ አበባው ሲወስዷት አየች።

«እሷም ትቅመስ እንጂ!» አሉ እየሳቁ።

«አባቦራ! ማሎ፣ እባክዎ ይመልሷት!» ማሂራ ምርኩዟን ይዛ ተነሳች። እግሯን እየጎተተች፣ እየጮኸች ወረደች። «ምን ዓይነት ጉድ ነው? ላሜን ልትገድሉልኝ ነው የመጣችሁት?»

ዘፈኑ ቆመ። አባቦራ ገመዱን እንደያዙ ፊታቸው ጠቆረ።

«ማሂራ፣ በደቦ ሰው ላይ ይጮኻል?»

«ይጮኻል! ወላሂ ይጮኻል!» ካበበው ቅጠል ቀጥፋ ፊታቸው ሳበችው፤ ሾሎ ተቆረጠ። «ይኼ ዓሣ የሚያሰክረው ነው! ደጉን ነቅላችሁ ጨረሳችሁት!»

አባቦራ ላሚቱን መለሷት። ጸጋ ወደ ተነቀለው ክምር ሮጣ ፍሬውን ብትፈለቅቀው ገና ለጋ ነው፤ ዘር አይሆንም። እዚያው ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ማሂራም ቆማ ግራ ቀኙን ስታይ ዓይኗ ከቦዩ ጥግ ላይ አረፈ። ቀርባ ጎንበስ አለች። ሰብስቤ በላጨው ቁራሽ ውስጥ የላሚቱ ጉቶ በየቦታው ቆሟል፤ አንዱም ሥሩ አልተነካም። ዝናብ ሲያገኝ ያቆጠቁጣል።

ሰብስቤ የቁጣው ተራ የደረሰው መስሎት ከተቀመጠበት ዘሎ ተነሳ። «ልጨርሰው ነበር እኮ፣ እትዬ! አሁኑኑ ከነሥሩ...»

«እጅህን ሰብስብ!»

ምሳ ሲቀርብ፣ የመጀመሪያው ዋንጫ ቀሪቦ በወጉ ለደቦው አባት ነው። ማሂራ ቀድታ፣ አባቦራን አልፋ ለሰብስቤ ዘረጋችለት። እሱ ለማን እንደሆነ ለማየት ወደ ኋላው ዞረ።

«ላንተ ነው። ጠጣ፣ አንተ ሰነፍ!» አለችው፤ ንዴቷ ገና አልበረደም፣ እንባዋም ይወርዳል።