ታጥባ የምትመጣው ዛሂራ

እንደ ዛሂራ ያበሳጨኝ ሰው ካርቱም ውስጥ አልገጠመኝም፤ ከዶክተር አብዱልወሃብ በቀር። ሁለቱን ያገናኘሁት ደግሞ እኔው ነኝ።

ዛሂራ የባቲ ልጅ ናት። በ1994 በመተማ ተሻግራ ካርቱም ገባች። እኔ በተከራየሁበት የዴም ሰፈር ግቢ አንዲት ክፍል ይዛ፣ ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር መዳም ረሺዳ ቤት ስታበስልና ስታጥብ ስምንት ዓመት ቆየች። የጋዝ ሲሊንደር ብቻዋን የምታነሳ ብርቱ ሴት ነበረች። ከዚያ አንድ ዓይኗ ለሁለት ሳምንት ጨልሞ ተመለሰ፤ በዓመቱ ደግሞ ቀኝ እግሯ ከዳት። የሚያናድደው፣ ሕመሙ ሰዓት ይመርጣል። ቀትር ላይ ምድጃ ፊት ስትቆም እግሯ ይጎተታል፤ ማታ ግቢያችን ስትገባ ደህና ናት። መዳም ረሺዳ ሥራ ጠልታ ነው ብላ ደመደመችና፣ የሐኪም ወረቀት ካላመጣሽ በወሩ መጨረሻ ትወጫለሽ አለቻት።

እኔ ከመሰደዴ በፊት ጎንደር የላቦራቶሪ ባለሙያ ነበርኩ። ካርቱም ላይ፣ ቡሪ ሰፈር አጠገብ ባለች አንዲት የምርምር ክፍል፣ ለዶክተር አብዱልወሃብ ደም እቀዳለሁ፣ መዝገብ እይዛለሁ። የሚያጠናው መልቲፕል ስክሌሮሲስ የሚሉትን በሽታ ነው። የሰውነት መከላከያ በገዛ አንጎሉ ላይ ይነሳል፤ አንጎል ይቆጣል፤ የነርቩም ልባስ እንደ ሽቦ ላስቲክ ይላጣል። ጥናቱ ውስጥ ለገባ ሰው የአንጎል ምርመራውም መድኃኒቱም በነፃ ነው። ዛሂራ የነገረችኝን ሰምቼ፣ ይኸው ነው ብዬ ወሰድኳት።

በሽተኛ የምንቀጥረው ሙቀቱ ሳይበረታ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው። ፀጉሯ እንደረጠበ፣ ንጹሕ ቶብ ለብሳ፣ ቀጥ ብላ ገባች። ዶክተሩ ጉልበቷን በመዶሻው መታ፣ አስኬዳት፣ ዓይኗን አየ። ምንም! በሳምንቱም እንደዚያው።

«ያ ፍስሐ፣ ይቺ ሴት ከእኔ ትሻላለች። አንድ ጊዜ ደግመህ አምጣትና ኻላስ፣ በቃ ሰርዛት» አለኝ።

ግቢ ስንደርስ ጮኽኩባት፤ «ለምንድን ነው የምታዋርጂኝ?»

«ወላሂ ጋሽ ፍስሐ፣ እዚያ ስደርስ ይተወኛል። እኔ ምን ላድርግ?»

እውነቱን ልናገር፣ በልቤ መዳም ረሺዳን ማመን ጀምሬ ነበር።

በሦስተኛው ቀጠሮ ቀረች። ነድጄ በቀትር ወደ ዴም ተመለስኩ። ግቢው ውሃ ከጠፋበት ሁለት ቀኑ ነበር፤ ለካ እሷ በራፉ ላይ ተቀምጣ የውሃ ጋሪ ትጠብቃለች።

«ሳልታጠብ ሐኪም ፊት? አላደርገውም፤ ነውር ነው!»

«ነገ ትሰረዣለሽ እኮ! ያላ፣ ተነሽ!» አልኩና ረክሻ በሚሏት ባጃጅ ላይ ጫንኳት። ረክሻዋ ግማሽ መንገድ ላይ ተበላሸች። የቀረውን በዚያ ፀሐይ በእግራችን ሄድን። በሩ ጋ ስንደርስ ቀኝ እግሯ መሬቱን እየጠረገ፣ እኔ ላይ ተንጠልጥላ ነበር። ፊቷ ያለውን ወንበር አላየችውም፤ ተጋጨችው። ስታለቅስ እንኳ ለእግሯ አልነበረም።

«ማዓለሽ ዶክተር፣ ይቅርታ፣ ሳልታጠብ መጣሁ።»

ዶክተሩ ወንበሩን አቀረበላት። «በፊት ታጥበሽ ነበር የምትመጪው?»

«ታዲያስ! ከዚር፣ ከሸክላው ጋን ቀድቼ፣ በቀዝቃዛ ውሃ፣ ሁለት ባልዲ።»

ዶክተሩ ብዕሩን አስቀመጠ። ልባሱ የተላጠ ነርቭ በሙቀት እንደሚደክም፣ ሲቀዘቅዝ እንደሚነቃ የነገረኝ ያን ጊዜ ነው። ዱሮ ሐኪሞች ይህን በሽታ ለመለየት ሰውን ሙቅ ውሃ ውስጥ ይነክሩ ነበር አለኝ። ልጮህበት ምንም አልቀረኝም። ይህን ሁሉ እያወቀ፣ በካርቱም ሐሩር፣ በሽተኛን ሁሉ በማለዳ ቀጥሮ የአየር ማቀዝቀዣ ሥር የሚመረምር ሰው!

ዛሂራ በዚያው ቀን ጥናቱ ውስጥ ገባች፤ ለመዳም ረሺዳም ወረቀት ተጻፈላት። ከዚያ ወዲህ ቀጠሮዋ በቀትር ሆነ። ሳትታጠብ ነይ ቢባል ግን ሞቼ እገኛለሁ አለች። ተከራክሬ ተከራክሬ ሲደክመኝ፣ ውሃውን አሙቀሽ ታጠቢ ብያት ተስማማን።

ዶክተሩ ያን ቀን እሷን ካሰናበተ በኋላ መዝገቡን አምጣ አለኝ። ገለጥኩለት። ማለዳ መጥተው፣ ደህና ሆነው ተገኝተው የተሰረዙ አሥራ አንድ ስሞች ነበሩ። በማስመሪያ አስተካክዬ የሰረዝኳቸው እኔ ነኝ። አንዳቸውንም እንኳ ከቤት ስትወጣ ምን አድርገህ መጣህ ብዬ አልጠየቅኩም። በነጋታው ፍለጋ ወጣሁ፤ አራቱን አገኘኋቸው።